ባሮ ዳር ያለችው ዓሣ ቤት፣ ሚዛኗ ማንጎ ዛፍ ላይ የተሰቀለው

ጋምቤላ ገብታችሁ «ዓሣ የት ይበላል?» ብትሉ አሥር ሰው አሥር ቦታ ይነግራችኋል። እኔ አንድ ቦታ ብቻ ነው የምነግራችሁ። ታፔላ የላትም፤ ስምም አልወጣላትም። ከባሮ ድልድይ ወደ ታች ዳርቻውን ይዛችሁ ስትሄዱ አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ታገኛላችሁ። ዛፉ ላይ ሚዛን ተሰቅሎ ካያችሁ ደርሳችኋል።

ሚዛኑን ልብ በሉልኝ። ስለዚህች ቤት ልጽፍ የተነሳሁት በሚዛኑ ምክንያት ነው።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ንግድ ነው። ቡና፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ጭኜ ወደ ጋምቤላ መውረድ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በወር ሁለቴ እወርዳለሁ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሦስቴም። ሌሊት ከጎሬ ስንነሳ ብርዱ አጥንት ይገባል። አይሱዙው ላይ የምወጣው ጋቢዬን ተከናንቤ ነው። ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋቢው ይወልቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡ። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ትበልጣለች፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ናት። ያን ሁሉ በጥቂት ሰዓት ነው የምንወርደው። ከታች ስንደርስ አየሩ ከሞቀ ምጣድ ላይ እንደሚነሳ ወላፈን ፊት ላይ ይመጣል። ዕቃዬን አራግፌ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ፣ ፊቴን ታጥቤ ቀጥታ የምሄደው ወደ ማንጎው ዛፍ ነው።

ባለቤቷን ሁላችንም «ማዘር» ነው የምንላቸው። አኙዋ ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ኑዌርኛ ይችላሉ፤ ከሱዳን ጋር የሚነግድ ሰው የሚያውቃትን ያህል ዓረብኛም ያውቃሉ። እኔን «ጎሬ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ነው የሚሠሩት። አንዷ እሳት ላይ ናት፤ ሌላዋ ታስተናግዳለች። ዓሣው ላይና ሚዛኑ ላይ ግን ከማዘር በስተቀር ማንም አይቆምም።

ዓሣው የሚገባው ጠዋት ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዳርቻው ላይ ከተገኛችሁ ታንኳዎቹ ሲመጡ ታያላችሁ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፣ ረጃጅምና ቀጫጭን ታንኳዎች ናቸው። ሰውየው ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ ነው የሚያመጣት። አንድም ቀን ሲንገዳገዱ አላየሁም። ከኢታንግ በኩል በመኪና የሚመጣም አለ፤ ማዘር ግን ከታንኳው መግዛት ነው የሚወዱት፤ ሌሊት የተያዘ ስለሆነ። ሳይሞት የደረሰውን በመረብ ከረጢት ከተው ከዳር ካለ ግንድ ጋር አስረው ውኃው ውስጥ ያቆዩታል። ፍሪጅ የላቸውም። ፍሪጃቸው ባሮ ነው።

ስትደርሱ ሜኑ አይመጣላችሁም። «ነይ እዪ» ነው የሚሉት። ሄዳችሁ ትመርጣላችሁ። ማዘር ከዓሣው ጭንቅላት ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ከፍ አድርገው ውስጡን ያሳዩአችኋል። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው። ወደ ቡናማ ከሄደ አድሯል ማለት ነው። ያደረውን ራሳቸው «ይሄ የትላንት ነው» ብለው ይለዩታል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ከዚያ ሚዛኑ። የሚንጠለጠል፣ ፊቱ ክብ፣ መርፌ ያለው ሚዛን ነው። ዓሣው ሳይታረድ፣ ቅርፊቱ ሳይጠረግ መንጠቆው ላይ ይሰቀላል። ማዘር ይሰቅሉትና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይቆማሉ። መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ንክች አያደርጉትም። ዓሣው በሕይወት ካለ ይወራጫል፤ ይጠብቁታል። ልጃቸው ከወዲያ «ማዘር ዘይቱ ተቃጠለ» እያለች ትጮኻለች፤ እሳቸው እጃቸው ኋላቸው ነው። መርፌው ሲቆም ቁጥሩን እናንተ ናችሁ የምታነቡት። እሳቸው አያነቡላችሁም። «ስንት ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የተናገራችሁትን ይይዛሉ።

እኔ የቡና ሰው ነኝ። ሚዛን ላይ እጅ ካለ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ቡና በፈረሱላ ነው የምንገዛው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በአንድ ፈረሱላ ላይ ግማሽ ኪሎ ብትሰረቅ በኩንታል ሦስት ኪሎ ልትሞላ ምንም አይቀራት። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ይዞ መጥቶ በአንድ ጣት ሲዘረፍ አይቻለሁ። ሚዛኑ ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ጣት ትበቃለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ዓሣ ሰቅላ እጇን ወደ ኋላ ስታደርግ ሳይ የመጀመሪያ ቀን ምን እንደተሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚህ በፊት እዚያው ከተማ ሌላ ቤት እበላ ነበር። ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ብለው አስከፈሉኝ፤ የመጣልኝ ዓሣ ግን ከአንዱ ኪሎም የሚያልፍ አልነበረም። ስጠይቅ «ሲጠበስ ይቀንሳል» አሉኝ። ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። በግማሽ ግን አይቀንስም። በዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን አመመኝ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባጃጅ ነጂ ወደ ማዘር ያመጣኝ።

አሁን ስለ ምግቡ። የቤቷ ዋና ነገር ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ማዘር ጀርባና ጎኑን በጣት ስፋት እየለኩ በቢላ ይበጡታል፤ ከአጥንቱ እስኪደርስ፣ አጥንቱን ግን ሳይነኩ። ጨውና ሎሚ በየብጡ ውስጥ ያሹታል። ዘይቱ እስኪግል ጠብቀው ከጭንቅላቱ በስተቀር ሙሉውን ይከቱታል። ሲወጣ ብጦቹ ተከፋፍተው እንደ በቆሎ ራስ ቆመዋል። በእጃችሁ አንድ አንዷን እየነቀላችሁ ነው የምትበሉት። ውጪው ቅርጭጭ ይላል፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ ውኃ ውኃ አይልም። ዳጣ በትንሽ ሳህን ይመጣል። ዳጣውን ልጅየዋ ናት የምትፈጨው፤ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ጠንከር ይላል። እንጀራ አለ፤ ዳቦም አለ። እኔ ግን ከእንጀራው ይልቅ የበቆሎ ገንፏቸውን እመርጣለሁ። ጠጠር ያለች ገንፎ ናት፤ እየቆረሳችሁ በዓሣ መረቅ ታጠቅሷታላችሁ። መረቁ ከዓሣው ጭንቅላት የተቀቀለ ነው። የመዘናችሁት ዓሣ ጭንቅላት የናንተ ስለሆነ መረቁም የናንተ ነው፤ አይከፈልበትም።

ናይል ፐርችም አለ። ትልቅ ዓሣ ነው፤ አንዳንዱ ከልጅ ይከብዳል። እሱ በኪሎ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ሲቆረጥም ቆማችሁ ነው። ለጉላሽ ጥሩ ነው፤ ሥጋው አይበተንም። አምባዛን በተመለከተ፣ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አልበላም የሚል ብዙ ደገኛ አለ። እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። አብሮኝ የሚወርደው ሹፌር ግን ከአምባዛ ሌላ አያዝዝም። ቅባቱ ጣቱ ላይ እየፈሰሰ ነው የሚበላው፤ ሲጨርስ ወሬ አይሰማም።

ይህንን ሁሉ ለአያቴ ብነግራቸው ደስ ባለኝ። አያቴ ቡና በበቅሎ ጭነው ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። እኔ ዛሬ በጥቂት ሰዓት የምወርደውን እሳቸው በቀናት ነበር የሚወርዱት። ቆላው ለበቅሎ አይስማማም፤ ገንዲ ይይዛታል። ሁለት በቅሎ እዚህ መንገድ ላይ እንደቀረችባቸው ይነግሩን ነበር።

ያኔ ጋምቤላ ወደብ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ የሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቅደው ነበር። ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር እንዳያልፍ ተብሎ። ውሉ «ኢታንግ አጠገብ» ነበር የሚለው፤ በመጨረሻ የተመረጠችው ግን ጋምቤላ ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ ከዚያ በሶባት አድርገው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። ጨውና አቡጀዴ ያራግፋሉ። ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል፤ ከተማዋም እስከሚቀጥለው ክረምት ትቀመጣለች። ጣሊያን የያዘባቸውን ዓመታት ትተን፣ ሱዳን ነጻ ወጥታ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ነበር። ቤታችን የተበላው ጨው ብዙው በዚህ ወንዝ የመጣ ነው።

አያቴ ስለ መርከቡ ብዙ አያወሩም ነበር። የሚያወሩት ስለ አንድ በር ነው። ቡናቸውን የሚገዛቸው ሰው በር ዘግቶ ነበር የሚመዝነው። ነጋዴው ጆንያውን ያስረክብና ውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከውስጥ ቁጥር ይነገረዋል። ቁጥሩ ከጎሬ ይዘው ከወረዱት ጋር አንድም ቀን ገጥሞ እንደማያውቅ ይናገሩ ነበር። የገዢውን ስም አልነገሩንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። «መንገድ ላይ ደርቆ ነው» ይባላሉ። ጨውና አቡጀዴ ይዘው ይመለሳሉ። አርጅተው አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ስለዚያች በር ያነሱ ነበር።

እኔ ማንጎው ሥር ስቀመጥ የማስበው ይህንን ነው። ያው ዳርቻ፣ ያው ወንዝ። ሚዛኑ ግን ደጅ ላይ ነው።

ከምግቡ ሌላ ደግሞ ሰዉን ወድጄዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ አግዳሚ ላይ የሚገጥማችሁን ሰው ሌላ ከተማ አታገኙትም። ባጃጅ ነጂው አለ። መምህሩ አለ። በነጭ ላንድ ክሩዘር ከስደተኛ ጣቢያ የተመለሱ ሠራተኞች አሉ። እንደኔ ከደጋ የወረደ ነጋዴ አለ። ከኒውላንድ ሰፈር የሚመጡ የኑዌር ወጣቶች አሉ፤ ረጃጅሞች ስለሆኑ ማዘር ለነሱ ብለው አንዱን አግዳሚ ከፍ አድርገው አሠርተዋል። ከደቡብ ሱዳን በኩል፣ ከናስር የሚመጡ ነጋዴዎችም አሉ። ስኳር፣ ሳሙናና ዱቄት ገዝተው በጂካዎ በኩል ወደ ጠረፉ ያወርዳሉ። በኑዌርኛ «ማሌ» ብላችሁ ሰላም ስትሏቸው ፊታቸው ይበራል። ከአንዱ ጋር ሦስት አራት ጊዜ አብረን በልተናል። እኔ ኑዌርኛ አልችልም፤ እሱ አማርኛው ሰላምታ ድረስ ነው። ሽንኩርት ስንት እንደገባ ግን በጣታችን ተግባብተናል። በኋላ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ገዛኝ። እሱም የተመዘነው እዚያው ማንጎው ሥር ነው፤ ማዘር ትልቁን ሚዛን ከጎረቤት አስመጡልን።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጅ ይዛ መጣች። ከስደተኛ ጣቢያ ነው የመጣችው። ያላትን ብር ዘርግታ አሳየች፤ ትንሽ ናት። ማዘር ዓሣውን አንስተው «በቃ ውሰጂ» ሊሏት ይችሉ ነበር። እንደዚያ አላደረጉም። ከናይል ፐርቹ ቆረጡ፣ ሰቀሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፣ «ስንት ይላል?» ብለው ሴትየዋን ጠየቋት። ግማሽ ኪሎ። ብሩን ተቀበሏት። ከዚያ ነው ገንፎውንና መረቁን ጨምረው ለልጁ የሰጡት። ሴትየዋ ቀና ብላ ተቀምጣ በላች። ደንበኛ ነበረች።

መቼ ትሂዱ? ውኃው ሲጎድል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዓሣ በሽ ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲወጣ ዓሣውም አብሮ ወደ ሳሩ ይበተናል፤ መረብ አይገባም። ያኔ ትናንሹ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን ብትመለሱ የማዘር ጥፋት አይደለም። ሁዳዴ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በጾም ዓሣ የሚበላ ደገኛ ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው። ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ መቀመጫ የለም። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ የማንጎው ጥላ እንኳ አይበቃም።

የማይመቸውንም ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ትጠብቃላችሁ። ዓሣው ከተመዘነ በኋላ ነው የሚጠረገው፤ አንድ ምድጃ ነው ያለው። አርባ ደቂቃ ፈጣን ነው። ሰው ከበዛ ከሰዓት በላይ ነው። መኪና የሚያመልጠው ሰው እዚያ አይሂድ። ሁለተኛ፣ መጸዳጃ የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በተለይ ለሴት። ለማዘር ነግሬያቸዋለሁ፤ ቦታ ጠይቀው እየጠበቁ ነው። ሦስተኛ፣ ቀዝቃዛ ነገር አትጠብቁ። ሃይላንዱ ለብ ያለ ነው። ቀዝቃዛ ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ ከሱቅ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ማዘር አይቆጡም። የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ነው፤ ሳሙና ግን ጠፍቶ አያውቅም። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጣጣ ነው፣ ካሽ ያዙ።

ለእራት አትሂዱ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቢንቢው አያስቀምጥም፤ የጋምቤላ ወባ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ባጃጁም በጊዜ ነው የሚገባው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከማንጎው ወደ ታች እንዳይወርዱ ያዟቸው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፤ እነሱ ቦታውን ያውቁታል። ባሮ አዞ አለው።

ዋጋው፣ ባለፈው ወር ቆሮሶ በኪሎ 450 ብር ነበር፤ የመጥበሻው፣ መረቁና ገንፎው ተጨምሮበት። ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል። ናይል ፐርቹ ትንሽ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ለምትኖሩ ይህ ርካሽ ነው፤ ለጋምቤላ ሰው ግን ርካሽ አይደለም። ርካሽ ቤት ሌላም አለ። እኔ እዚያ የምከፍለው ለቆጠርኩት ኪሎ ነው፤ ስለዚህ አይቆጨኝም።

ባለፈው ስንወርድ ከቡሬ በታች ጎማ ፈነዳብን። ተለዋጩም አየር አልነበረው። አምስት ሰዓት እደርሳለሁ ያልኩት ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ዕቃዬን እንኳ ሳላራግፍ፣ ለማዘር ሰላም ልበልና ልለፍ ብዬ ነው የሄድኩት። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። ልጅየዋ ምድጃውን እያጠበች ነበር። ዓሣ አልቋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ማዘር ሲያዩኝ ምንም አላሉም። ወደ ዳር ወርደው የመረቡን ከረጢት ሳቡ። ውስጡ አንድ ቆሮሶ አለ። ይገላበጣል። ከጠዋት ጀምሮ ለኔ አስቀርተውታል። ሦስት ሰው ጠይቋቸው «የጎሬ ነው» ብለው ከልክለዋል፤ ይህንን የነገረችኝ ልጅየዋ ናት።

«ለምን አስቀድመው አላስጠበሱትም? ብዘገይም በላሁት ነበር» አልኳቸው።

«አንቺ ሳታዪ እንዴት እመዝነዋለሁ?» አሉኝ።

ሰቀሉት። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ዓሣው ተወራጨ፤ ጠበቅን። መርፌው ሲቆም አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጅየዋ እንደገና እሳቱን ማያያዝ ጀመረች።